በሳሚያ አፍ

«ንገሪው፤ ይህን ሳይጠጣ ከቤት እንዳይወጣ በይው» አለች ውድነሽ።

ባሏ ሙላው በገመድ በተጠለፈው አንገረብ አልጋ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅ ቢዘረጋ የሚያነካካ ነው። ጆሮውም ደህና ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በአብደራፊና በሽንፋ እርሻዎች ትራክተር ሲነዳ ኖሮ እንኳ ጎረቤት ድስት ሲከደን ይሰማል። ቢሆንም ቀና አላለም። በመካከል የቆመችው ሳሚያ ኩባያውን ተቀብላ ዞር አለችና፣ «አቡ ይስማው፣ ይህን ሳትጠጣ ከቤት እንዳትወጣ ትልሃለች ኡም ይስማው» አለችው። የይስማው አባት፣ የይስማው እናት ማለቷ ነው፤ በሱዳን፣ በአገሯ፣ ሰው የሚጠራው በበኩር ልጁ ስም ነው። ሙላው ኩባያውን አየው። ሦስት ጣት ያህል የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ትናንት ከመጭመቂያው የመጣ፣ ሽታው ገና ያልለቀቀው። ዛሬ ሆስፒታል የምትመረምረው ሐኪም ከማታ ጀምሮ ምግብም ውሃም እንዳይቀምስ እንዳዘዘችው ያውቃል። ውድነሽም ታውቃለች፤ ትእዛዙን እሱ ለሳሚያ ነግሯት፣ ሳሚያም ለእሷ አድርሳለች።

«ሐኪሟ ምንም አይቅመስ ብላ የለም?» አለች ሳሚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ዘይት ምግብ ነው? ወይስ ውሃ ነው?» አለች ውድነሽ፤ ነገሩንም በዚያ ዘጋችው።

ምክንያት ነበራት። ትናንት ጎረቤቷ ፈንቴ ስለ ምርመራው ቱቦ አውርታላት እንቅልፍ ነስታታለች። በጉሮሮ ገብቶ ጨጓራ ድረስ የሚወርድ ቱቦ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የአጎቴን ልጅ ጉሮሮ ፍቆት ሳምንት ሙሉ አጥሚት ብቻ ሲጠጣ ከረመ አለቻት። ፈንቴ ወሬ ላይ ጨው ስትጨምር እንደማትሰስት ውድነሽ ታውቃለች፤ ግን የፈራ ሰው ወሬ አያጣራም። ተገላብጣ ተገላብጣ ያገኘችው መላ ደግሞ የራሱ የሙላው ነበር። ከእርሻ ሲመለስ ጥቁር እጁን በሳሙና እያሸ ለዓመታት ያስተማራት አንድ ነገር ቢኖር፣ ግራሶ ያልገባበት ብረት ብረትን ይበላል የሚል ነው። አንዱ ከሌላው ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ መጀመሪያ መለስለስ አለበት። ለትራክተር ይህ ሁሉ ከታሰበለት የሰው ጉሮሮ ምን በወጣው? ደግሞ በዚህ ቆላ ሆዱን ያመመው ሁሉ ጠዋት በባዶ ሆዱ የሰሊጥ ዘይት ይጠጣል፤ ሲጠቅም እንጂ ሲጎዳ አላየችም።

ሙላው በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከሰኔ ወዲህ ምግብ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ የሚገፋ ሰው፣ ያን ወፍራም ዘይት ፊቱን እንኳ ሳያጨማድድ ጠጣና ጢሙን በመዳፉ ጠረገ። «ጠጥቷል በያት» አለ። ሳሚያም ጠጥቷል አለቻት።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ሳሚያ ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም። የካርቱም ጦርነት ሲነሳ ሰው በድንበሩ ድልድይ ላይ እንደ ጎርፍ ሲገባ፣ ሙላው ጉምሩኩ አጠገብ በቆመ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ሁለት ሴት ልጆች አቅፋ የተቀመጠች ሴት አየ። አላስቻለውም። ቤት አመጣቸው፤ አዲስ አበባ የሚኖረውን የልጃቸውን የይስማውን ክፍል ባዶ አደረገ፣ መጻሕፍቱን በሰሊጥ ጆንያ ከትቶ ከጣሪያው ሥር ሰቀለ፣ በልጁ አልጋ የሰው ልጆች አስተኛ። ውድነሽ ያን ጊዜ ጎንደር ለለቅሶ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ቤቷ የሰው ቤት ሆኖ ጠበቃት። በእንግዶቹ አልከፋትም፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ የልጆቹን ፀጉር እያጠበች እየጎነጎነች ነበር። ያንገበገባት ሌላ ነው። ቤቱ የእኔም አልነበረም ወይ፣ ስልክስ የለኝም ወይ አለችው። እሱ ደግሞ አጥፍቻለሁ ማለት ሲገባው፣ ለቅሶ ሊደርሷት በመጡ ሰዎች ፊት፣ «እኔ በቤቴ ማንን አስፈቅዳለሁ?» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ውድነሽ ለሙላው ቃል አልተነፈሰችም። እሱም አልቀደማትም። ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ፣ እኔ ከማን ጋር ተጣላሁ ብላ በደረቁ ሸኘቻቸው። እራቱ ይቀርባል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ደመወዙ በነበረ ጊዜ ደመወዙ፣ አሁንም የጓሮ ክፍሎች ኪራይ መሶቡ ላይ ይቀመጣል፤ ቃል ብቻ የለም። ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳል የሚባለው እውነት ነው፤ በግትርነት አንዳቸው ከሌላው አይተናነሱም። በመካከል ያተረፈችው ሳሚያ ናት። አማርኛን የተማረችው የእነሱን መልእክት ስታመላልስ ነው፤ ከውድነሽ አፍ ስለተማረችም ሽማግሌውን ሙላውን ያለ ሀፍረት አንተ ትለዋለች፤ እሱም አርሟት አያውቅም።

ወደ ሆስፒታሉ በአንድ ባጃጅ ሄዱ። ሳሚያ መሐል ተቀመጠች። መኸር ስለሆነ ከተማው ሞልቷል፤ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በየመንገዱ ዳር ቆመዋል፣ የአንድ ራኩባ፣ የአንድ የሣር ዳስ ጥላ ሃያ ሰው ያስጠልላል፣ በረዶ የሚሸጠው ሰውዬ ከማለዳው ዋጋ ጨምሯል። ባለባጃጁ በነዳጁ ውድነት እየማለ እጥፍ ጠየቃቸው፤ ማንም አልተከራከረም፤ ይህም ራሱ ለውድነሽ ክፉ ምልክት መሰላት፤ ሙላው በደህናው ቀን በባጃጅ ዋጋ ሳይከራከር የሚወርድ ሰው አይደለምና። ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳቸውን አዳዲስ ቀዳዳዎች በሳሚያ ትከሻ በኩል አየቻቸው።

በሩ ላይ ዘበኛው አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚገባው አለ። ሳሚያ ደነገጠች። እኔ ካልገባሁ እንዴት ይነጋገራሉ አለችው። ዘበኛው ሁለቱን አየና ከየት አገር ናቸው ብሎ ጠየቀ። የዚሁ ናቸው። ታዲያ አማርኛ አይችሉም? ይችላሉ። ዘበኛው ከዚህ በላይ ለመመራመር ጊዜ አልነበረውም፤ ከኋላቸው በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው በቃሬዛ ተኝቶ ይጠብቃል። ሳሚያ የውድነሽን እጅ ጨብጣ፣ «መዓሌሽ፣ ኡም ይስማው» ብላ፣ ይቅርታ እንደማለት፣ ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ባልና ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ ቀሩ።

ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። አንድ ጎጃሜ ሠራተኛ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሙላው በአንዱ ጫፍ፣ ውድነሽ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ፀሐይዋ እየዞረች ስትመጣ በውድነሽ ፊት ላይ አረፈች። ሙላው ጉሮሮውን ጠረገና ሠራተኛውን፣ ወዲህ ጠጋ ማለት ይሻላል፣ የዚህ አገር ፀሐይ ራስ ይመታል አለው። ሰውዬው ራሱን አየና፣ «ኧረ እኔስ ጥላ ሥር ነኝ፣ አያ» አለ። ውድነሽ ግን ጠጋ አለች። ቆይታ ደግሞ ሠራተኛውን፣ ወገብ የሚያመው ሰው በጣውላ ላይ እንዲህ ጎብጦ መቀመጥ የለበትም አለችው። ወገቤንስ አላመመኝም፣ ትኩሳት ነው አላት ምስኪኑ። ሙላው ግን ቀና ብሎ ግንዱን ተደገፈ። ሠራተኛው ትኩሳቱ ያመጣበት ቅዠት መስሎት ሁለቱንም እያፈራረቀ አየ።

ከጎንደር የመጣው የሐኪሞች ቡድን የያዘው ክፍል ጠባብ ነው። ሐኪሟ ዶክተር ሰገነት ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ልጅ ናት። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው የመጡት፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው፤ ማሽኑም ከእነሱ ጋር ይመለሳል። ከመጀመሯ በፊት ሁለቱንም አስቀምጣ ነገሩን አስረዳቻቸው። ቱቦው ውስጥ ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር የመስታወት ክር አለ፤ በእሱ ብርሃን ይላካል። ብርሃኑ የጨጓራውን ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ እንደሄደው ሆኖ አይመለስም፤ ደህናው ሥጋ በአንድ መንገድ ይመልሰዋል፣ የታመመው በሌላ መንገድ። ማሽኑ የተመለሰውን ብርሃን ተርትሮ እንደ ቴሌቪዥን ባለው መስኮቱ ላይ ተራራና ሸለቆ ያለው መስመር አድርጎ ይስለዋል። ስፔክትሮስኮፒ ይባላል፤ ለጨጓራ ካንሰር እየሞከሩት ያሉ አዲስ መንገድ ነው። ብርሃኑ ብቻውን አይፈርድም አለች፤ ከየት ቆርጠን እንመርምር የሚለውን ነው የሚያሳየን፣ ፍርዱ የሥጋው ምርመራ ነው። ካንሰር የሚለው ቃል ሲወጣ ሙላው ባርኔጣውን ከአንድ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። ብርሃኑ ያቃጥላል ወይ ብሎ ጠየቀ። አያቃጥልም አለችው።

ውድነሽን ከበሩ ውጪ አስቀመጧት። በሩ አይገጥምም፤ ድምፅ ያሳልፋል። ሙላው ሲያስመልሰው፣ ሐኪሟ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ አባቴ ስትለው፣ እሱ ደግሞ ሲያቃስት ሁሉንም ሰማች። ተነሳች፣ ተቀመጠች። በዚህ ቁጭ ብድግ መሐል ነው የምትፈራው ነገር ጥርት ብሎ የታያት። ሞቱን ብቻ አይደለም የፈራችው። ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ እሷም ናት። የፈራችው ዝም እንደተባባሉ መለያየቱን ነው። በምን አፏ ታለቅሰዋለች? ሙሾ አውራጅ እንኳ መጀመሪያ ስሙን ነው የምትጠራው፤ እሷ ደግሞ በሕይወት እያለ ያልጠራችውን ስም ሬሳ ላይ ቆማ ልትጠራ ነው። አፈረች። ሁለት ሰው ከአንድ ማድ እየበላ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አገር ሴት አፍ መዋሱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነውር ሆኖ ታያት። ዛሬ ይነጋገራሉ አለች ለራሷ። ግን ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም። ዝምታ ሲቆይ እንደ ሥራ ይለመዳል፤ ከየት በኩል እንደሚፈታ ይጠፋል።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ጠራቻት። ሙላው አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ሰልሏል። ዶክተር ሰገነት ግራ ገብቷት የማሽኑን መስኮት ታያለች። የትም ቦታ ብርሃኑን ብታሳርፈው የሚመለሰው መስመር አንድ ነው፣ ያውም አይታ የማታውቀው ዓይነት። የጨጓራው ግድግዳ ሁሉ ያብለጨልጫል።

«አባቴ፣ ዛሬ ጠዋት የቀመሱት ነገር አለ?» አለችው።

«ኧረ ምንም። ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም።»

ይህን ያለው ውድነሽን ሳያያት ነው። እሷ ግን ደርቃ ቀረች። ሙላው ሰው ነው፤ በሰሊጥ ዋጋና በወጣትነቱ ጀብዱ ላይ ይዋሻል፤ የራሱን ሕይወት አስይዞ ሲዋሽ ግን ሰምታው አታውቅም። ለምን እንደዋሸ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ዘይት ጠጥቻለሁ ቢል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ሰጠህ ነው። ከዚያ በኋላ በሰው ፊት የምትገሠጸው፣ በሰው ፊት የምታፍረው እሷ ናት። ያን ቀን በለቅሶኞቹ ፊት ያላደረገላትን ዛሬ ቱቦ ካቆሰለው ጉሮሮው አውጥቶ እያደረገላት ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሐኪሟ ቀጠለች። ምንም ካልጠጡ፣ አለች ቃሏን እየመረጠች፣ እንግዲህ ይህ የሚታየው ነገር ከራሱ ከጨጓራው ነው ማለት ነው፤ ሁሉንም ይዞታል ማለት ነው። ደህና ነገር አይደለም። ከዚህም ከዚያም እንዳገኘሁ ቆርጬ እልካለሁ እንጂ ብርሃኑ ሊመራኝ አልቻለም። ሙላው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እንደፈቀደሽ አድርጊ እንደማለት። ዘይቱን ግን አላነሳም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ግን በሽታውን ሳይሆን ሚስቱን ነው የደበቀው፤ ለዚህ ተረት የለም።

«እኔ ነኝ» አለች ውድነሽ። «የሰሊጥ ዘይት አጠጥቼዋለሁ። ቱቦው ጉሮሮውን እንዳይፍቀው ብዬ ነው።»

አንደኛው ረዳት ሳቁን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ዘይቱ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ገብቶ ቢሆን ኖሮ እዚሁ አልጋ ላይ ሊያፍነው ይችል ነበር አለቻት፤ አልጮኸችባትም፣ ግን ቃሉ በቂ ነበር። ውድነሽ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ዘይት የራሱ ብርሃን አለው አለች ሐኪሟ ቆየት ብላ ወደ መስኮቱ እያመለከተች፤ ግድግዳውን ሸፍኖት ስለዋለ ማሽኑ ሲያነብ የዋለው የእርስዎን ሰሊጥ ነው፣ እናቴ። በማሽኑም በሕመምተኛውም ተስፋ ልቆርጥ ነበር አለች። ከዚያ ሰዓቷን አየች፣ ረዳቶቿን አየች። ዕቃው ታሽጎ ከቀትር በኋላ መነሳት ነበረባቸው፤ መንገዱም ከመሸ ደግ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ደግመን አይተነው ነገ ጠዋት እንሄዳለን አለቻቸው። ለውድነሽም፣ እስከ አሥር ሰዓት እኔ ሳልፈቅድ አንዲት ጠብታ እንዳይቀምስ፣ ዘይትም ቢሆን፣ ጠበልም ቢሆን አለቻት። ውድነሽ በእግዜር ስም ምላ ወጣች።

ቀኑን ኒም ዛፉ ሥር አሳለፉት። ጎጃሜው ሠራተኛ መርፌውን ተወግቶ ሄዷል፤ አግዳሚው ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ቀርቷል። ሙቀቱ ቅጠል ያረግፋል። ሙላው ደክሞት ግንዱን ተደግፎ አሸለበው፤ ውድነሽ ዝንቦቹን በነጠላዋ ጫፍ እያባረረች ፊቱን አየችው። ደህና አድርጋ ካየችው ቆይቷል። ኩርፊያ ሰውን ማየት ይከለክላል፤ ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠም ስትጠነቀቅ ባሏ ፊቷ ላይ ማርጀቱን አላየችም ነበር። ጉንጩ ገብቷል። ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር ነጥቷል። ትራክተር ላይ ሳለ ፀሐይ ያቃጠለው የግራ ጎን ፊቱ ከቀኙ እንደጠቆረ ነው፤ በሙሽርነታቸው ጊዜ በዚህ ትስቅበት ነበር። አመሰግንሃለሁ ልትለው አፏን ከፈተች። ተኝቷል። ይተኛ ብላ ዘጋችው፤ ግን እውነቱን ለመናገር፣ ነቅቶም ቢሆን ዛሬ ይከብዳት ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ነጠላዋን ስታወናጭፍ አገኛት። ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

አሥር ሰዓት ላይ እንደገና ገባ። አሁን ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ። ውድነሽ በበሩ ክፍተት የሐኪሟን ጀርባና የማሽኑን መስኮት ብቻ ታያለች። መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሐኪሟ ቱቦውን ገፋ ታደርጋለች፣ መስመሩ ያው ነው፤ ደግሞ ገፋ ታደርጋለች፣ ያው ነው። ውድነሽ መስመሩን ማንበብ ባታውቅም ያው መሆኑ ደስ አላት። ከዚያ ሐኪሟ ቆመች። ተመለሰች። እዚያው ቦታ ላይ ደግማ አሳረፈችው፤ ሦስተኛም ደገመችው። ረዳቷ ጎንበስ ብሎ አየ። ውድነሽ ዓይኗን ከመስኮቱ አንስታ በሩን ተወችው፤ እጇን በእጇ ጨምቃ ከበሩ አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ሲጨርሱ ሙላው በራሱ እግር ወጣ፤ የጉሮሮው ማደንዘዣ እስኪለቀው እንዳይበላ እንዳይጠጣ ተነግሮታል። ዶክተር ሰገነት ተከትላው ወጣችና ጓንቷን እያወለቀች ጥቂት ተወላወለች። በዚህ አገር የክፉ በሽታ ወሬ ለታማሚው አይነገርም። ለልጆቹ ይነገራል፣ ለወንድም ይነገራል፣ ዘመድ ተሰብስቦ በጓሮ ያለቅሳል፤ ታማሚው ዘንድ ሲገባ ግን ፊቱን ታጥቦ፣ ጨጓራ ነው፣ ቀላል ነው ይለዋል። ታማሚውም እየሞተ ቀላል ነው ይላል። ሐኪሟ በዚህ ልማድ ብዙ ተቸግራለች። ስለዚህ አባቴ፣ ያየሁትን ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለሌላ ሰው ብላ እሱኑ ጠየቀችው።

ሙላው መለስ ብሎ አላሰበም። የደነዘዘ ምላሱን እየጎተተ፣ በእጁ ወደ ውድነሽ አመለከተ።

«ለእሷ ንገሪያት» አለ። «እሷ ትነግረኛለች።»

ይህን ብሎ ወደ ኒም ዛፉ ሄደ። ውድነሽ ከኋላው ቆማ አየችው። ሽማግሌ ልኮ ያቃተውን፣ ሁለት ዓመት ጠብቆ ያቃተውን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገደዳት። ሳሚያ እንደሌለች ያውቃል።

ሐኪሟ ውስጥ አስገብታ ነገረቻት። በአንድ ቦታ ብቻ፣ የጥፍር ያህል በምትሆን ቦታ፣ ብርሃኑ በተለየ መንገድ ተመልሷል። ለዓይን ምንም አይታይም፤ በዓይኔ ብቻ ብሄድ አልፌው እሄድ ነበር አለች። ከዚያችው ቦታ ቆርጣለች፤ ሥጋው ጎንደር ሄዶ ሲመረመር ቁርጡ ይታወቃል። ማሽኑ ገና ሙከራ ላይ ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል። «እኔ ግን ካንሰር ነው ብዬ እፈራለሁ፤ አልዋሽዎትም» አለቻት። «ከሆነም ገና ጅምር ላይ ነው። ጎንደር መጥቶ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ ላይ ነው ያገኘነው። ዘንድሮ እንጂ ለከርሞ የምለው ነገር የለኝም፤ እንዳትዘገዩ።» ውድነሽ ሁሉንም ሰማች፤ መልሳ ጠየቀች፤ ቃል በቃል ያዘችው፤ መልእክት መያዝ እንዴት እንደሆነ ከሳሚያ አይታለች።

ከክፍሉ ስትወጣ ስልኳ ጠራ፤ ይስማው ነው፣ ከአዲስ አበባ። የሰማችውን ነገረችው። የልጇ ድምፅ ተሰብሮ መጣ። ለአባባ እንዳትነግሪው አላት፤ ይሰበራል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ለምርመራ ነው ብለን ጎንደር እንወስደዋለን፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ ደግሞስ፣ አለ ልጁ እንደ ቀልድ፣ እናንተ መቼ ትነጋገራላችሁ፣ አንቺ ዝም ማለት ነው ያለብሽ። ውድነሽ ስልኩን ይዛ ቆመች። ልጁ ክፉ አላለም፤ አገር የሚለውን ነው ያለው። ዝም ማለትማ ትችልበታለች። ዛሬም ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ደግ ሚስት ትባላለች እንጂ። ግን ዝምታው አሁን ሌላ ዓይነት ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ያኮረፈችው ሰው ነው፣ ከዛሬ በኋላ የምታታልለው ሰው ሊሆን ነው። እሱ ደግሞ እሷ ትነግረኛለች ብሏል። ደህና ሁን ልጄ፣ በኋላ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው።

ፀሐይዋ ከድንበሩ ማዶ ወደ ገላባት በኩል አዘንብላለች። ሙላው አግዳሚው ላይ በራሱ ጫፍ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ውድነሽ መጣች፤ በራሷ ጫፍ አልተቀመጠችም፤ ባዶውን ቦታ አልፋ ከጎኑ ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ትከሻውን ነካ። ልቧ እንደ አዲስ ሙሽራ ይመታል፤ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ወሬ ላይ፣ ቢባል ማን ያምናል።

«ሙላው» አለች።

ወደ እሷ አልዞረም። ባርኔጣውን የያዘው እጁ ግን ቀጥ አለ።

«ሙላው፣ አንድ ቦታ አግኝታለች። የጥፍር ያህል ናት። ካንሰር ነው ብዬ እፈራለሁ አለችኝ። ቁርጡ የሚታወቀው ጎንደር ነው፤ ከሆነም ገና ጅምር ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለች። ይስማው እንዳትነግሪው ብሎኛል። እኔ ግን ነገርኩህ። ጎንደርም አብሬህ እሄዳለሁ፤ እስክትወጣ በር ላይ እቀመጣለሁ። ዘይትም አልሰጥህም።»

ሙላው ባርኔጣውን እያገላበጠ አየ። ግቢው ባዶ እየሆነ ነው፤ ዘበኛው የመብራቱን ማብሪያ እየፈተሸ ያልፋል፤ ከመንገዱ ሰሊጥ የጫነ መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል። ውድነሽ ልጇ እውነቱን ነው፣ ሰበርኩት እያለች ፈራች።

«ድገሚልኝ» አለ ሙላው።

«ምነው፣ አልሰማኸኝም?»

«ሰምቼሻለሁ። ካንሰሩንም፣ ጎንደሩንም ሰምቻለሁ።» አሁን ዞሮ እያያት ነው፤ ዓይኑ ሞልቷል፤ የደነዘዘው ከንፈሩ ፈገግታውን ወደ አንድ ጎን አጣሞታል። «ግዴለሽም፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ድገሚልኝ።»

ውድነሽ እጁን ያዘችው። ከመጀመሪያው፣ ከስሙ ጀምራ ደገመችለት።